አዞው ሳይጠራ የመጣበት ሜዳ

ጎልፍ ሰበብ የማይሰማ ጨዋታ ነው። ኳሷ ድንጋይ ሥር ብትገባም፣ ረጅም ሣር ቢውጣትም ተጫዋቹ የሚመታት ካረፈችበት ቦታ ነው። ነፋስ ወሰደብኝ፣ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ ቢል የሚሰማው ዳኛ የለም። በኡጋንዳዋ ጂንጃ፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት አካባቢ ባለው የጎልፍ ክለብ ግን ይህ ጥብቅ ሕግ አንድ ቦታ ላይ ይላላል። ጉማሬ ሌሊት ረግጦት ባለፈው ጉድጓድ ውስጥ ኳስ ከገባች ተጫዋቹ ያለ ቅጣት አንስቶ ከጎኑ መጣል ይችላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ከጉማሬ ጋር ተከራክረው እንደማይረቱ የገባቸው ይመስላል።

ነገሩ የአንድ ክለብ ቀልድ ብቻ አይደለም። ጨዋታውን በዓለም ዙሪያ የሚገዛው ደንብ፣ 16.2 በሚለው አንቀጹ ስለ አደገኛ እንስሳት ይናገራል። መርዛማ እባብ፣ ተናዳፊ ንብ፣ አሊጌተር፣ ድብ ሳይቀር በስም ተጠርተዋል። ኳሷ እንዲህ ካለ እንስሳ አጠገብ ካረፈች ተጫዋቹ ነፍሱን አስይዞ እንዲመታ አይገደድም፤ ራቅ ብሎ በነጻ ይጥላል። ይሁን እንጂ ደንቡ እዚህም ላይ ንፉግነቱን አልተወም። ኳሷ ቀድሞውኑ ውሃውን ይዞ በተከለለው የቅጣት ክልል ውስጥ ከሆነች፣ ነጻው ዕድል የሚሠራው እዚያው ክልል ውስጥ ደህና ቦታ ከተገኘ ነው። ከክልሉ መውጣት የፈለገ አንድ ምት ይከፍላል። አዞ ስላለ ብቻ የውሃው ዕዳ አይሰረዝም ማለት ነው።

ውሃና አውሬ በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት ከደቡብ አፍሪካው ሌፐርድ ክሪክ ካንትሪ ክለብ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ክለቡ በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር፣ ማላላኔ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በክሮኮዳይል ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ተዘርግቷል። ወንዙን ተሻግሮ የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል፤ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የአንበሳ፣ የዝሆንና የጎሽ አገር ነው። ሜዳው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን ንድፉን የሠራው ዘጠኝ ታላላቅ የዓለም ውድድሮችን ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ጋሪ ፕሌየር ነው። ባለቤቱ ዮሃን ሩፐርት ይባላል። የካርቲየር ጌጣ ጌጥና ሰዓት የሚወጣበት የሪሽሞን ኩባንያ ሊቀመንበር ነው። በሜዳው ላይ ለዓመታት የተካሄደው ትልቅ ውድድር ስሙን የወሰደበት አልፍሬድ ደንሂልም የዚሁ ኩባንያ ንብረት ነው። ሜዳውም፣ ስፖንሰሩም፣ የሚሸለመው ዋንጫ ላይ የተጻፈው ስምም ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ቤት ይገባል። እንዲህ ያለ ካንትሪ ክለብ ገንዘብ ስላለ ብቻ የሚገባበት አይደለም። በአብዛኛው አባል መሆን ወይም በአባል መጋበዝ ያስፈልጋል።

ጎልፍ ተጫውቶ ለማያውቅ አንባቢ ጨዋታው ይህ ነው። ሜዳው ብዙውን ጊዜ አሥራ ስምንት ጉድጓዶች አሉት። እያንዳንዱ ጉድጓድ በስንት ምት መጠናቀቅ እንዳለበት የተተመነ ቁጥር አለው፤ ፓር ይሉታል። ተጫዋቹ መነሻው ላይ ኳሷን ይመታል፣ በታጨደው ሰፊ ሣር፣ በፌርዌዩ ላይ ይራመዳል፣ መጨረሻ ላይ ምንጣፍ በመሰለው ግሪን ላይ ወደ ጉድጓዱ ያንከባልላታል። ከመነሻ እስከ ግሪን ባለው መንገድ ላይ ንድፍ አውጪው አሸዋ፣ ዛፍና ውሃ ይደረድራል። አሸዋና ዛፍ ያስቸግራሉ እንጂ ተስፋ አያስቆርጡም፤ ገብቶ ቆፍሮም ቢሆን ይወጣል። ውሃ ግን ኳሷን ይወስዳታል፤ ከዚያ በላይ የሚሠራ ነገር የለም። ምቱ ጠፍቷል፣ ቅጣት ተጨምሯል፣ አዲስ ኳስ ከኪስ ይወጣል። ለዚህ ነው ጥሩ ተጫዋች እንኳ ውሃ ፊት ሲቆም የዱላ አጨባበጡ የሚለወጠው።

የሌፐርድ ክሪክ አሥራ ስምንተኛ ጉድጓድ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ፓሩ 5 ነው፤ ግሪኑ ደሴት መስሎ ውሃ መሐል ተቀምጧል። ጉልበት ያለው ተጫዋች በሁለት ምት ሊደርስበት ይመኛል፣ ብልሁ ደግሞ በሁለተኛው ከውሃው መለስ ብሎ ይቆምና በሦስተኛው ይሻገራል። ንድፉ ተንኮለኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው፣ ማንም አያስገድድህም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2007 ኤርኒ ኤልስ፣ የአገሩ ልጅና በዚያን ጊዜ በዓለም ከታወቁት አንዱ፣ ውድድሩን እየመራ ወደዚህ ጉድጓድ ደረሰ። ሕዝቡ ለማጨብጨብ ተዘጋጅቷል። ሁለት ኳሶች ውሃ ገቡበት። በ5 የሚጠናቀቀውን በ8 ምት ጨረሰና ዋንጫውን ብዙም ስሙ ለማይጠራው እንግሊዛዊ ለጆን ቢከርተን በአንድ ምት ልዩነት አስረከበ። ኤልስ ሜዳውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው አሸንፎበታል።

ደሴት ግሪን የሚባለውን ነገር በዓለም ያስታወቀው ግን ሌላ ሜዳ ነው፤ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ያለው ቲፒሲ ሶውግራስ። አጀማመሩ አስቂኝ ነው። ማንም የማይፈልገው 415 ኤከር ረግረግ በ1 ዶላር ተገዛ፤ ንድፍ አውጪው ፒት ዳይ ሜዳውን ለማስተካከል አሸዋ ፍለጋ መሬቱን ቆፈረ፤ ከሁሉም የተሻለው አሸዋ የተገኘው አሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ ሊሠራ በታሰበበት ቦታ ዙሪያ ነበርና ቁፋሮው ሲያበቃ የቀረው ትልቅ ጉድጓድና መሐሉ ላይ ጥቂት መሬት ሆነ። ያን ጊዜ ሚስቱ አሊስ ዳይ፣ ራሷም ጎበዝ ተጫዋችና ንድፍ አውጪ፣ ዙሪያውን ውሃ ሙላውና ግሪኑን መሐል ተወው አለችው። ርቀቱ 125 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለባለሙያ የልጅ ጨዋታ። ሆኖም ከዚያ ውሃ በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ኳስ ይወጣል። ፍሎሪዳ ውስጥ የጎልፍ ሐይቅ ብዙውን ጊዜ የሚቆፈረው ለውበት ወይም ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ረግረጉን ለማድረቅ፣ ሜዳውን ከፍ የሚያደርግ አፈር ለማግኘትና ለመስኖ የሚሆን ውሃ ለማጠራቀም ጭምር ነው። ተጫዋቹ መሰናክል የሚለውን ሜዳ ጠባቂው የውሃ ጋን ይለዋል።

አሁን ወደ አውሬዎቹ እንምጣ፤ ምክንያቱም ሌፐርድ ክሪክን ከሌላው የሚለየው ውሃው ሳይሆን ውሃው ውስጥ ያለው ነው።

እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ሰን ሲቲ በሚባለው የመዝናኛ ከተማ፣ ሎስት ሲቲ የተሰኘ ሌላ የጋሪ ፕሌየር ሜዳ አለ። አሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ግሪኑ የአፍሪካ ካርታ ቅርጽ ተሰጥቶታል፤ ከፊቱ ደግሞ በግንብ የታጠረ ጉድጓድ ውስጥ አዞዎች ተኝተዋል። ኳስ እዚያ ከገባች ማንም ወርዶ አያመጣትም፤ ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ይስቃል። አዞዎቹን ሰው አምጥቶ አስቀምጧቸዋል፣ ሰው ያበላቸዋል። ሰርከስ ነው ብል የሚቀየመኝ ይኖር ይሆናል፤ ግን ነው። ሌፐርድ ክሪክ ላይ ግን አዞውን ያመጣው የለም። ሰው ሐይቅ ቆፈረ፣ ውሃ ሞላ፣ ዳርቻውን አጨደ፤ አዞው ከወንዙ ወጥቶ ሳይጠሩት አቤት ብሎ ገባ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቦታ አውሬው የክለቡ ንብረት ነው። በሁለተኛው ክለቡ ራሱ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል፣ የአውሬው ጎረቤት ሆኗል፤ ጎረቤት ደግሞ እንደ ንብረት አይታዘዝም።

አዞ ለምን ይመጣል ቢባል መልሱ በደሙ ውስጥ ነው። የራሱን ሙቀት ማመንጨት አይችልምና ጠዋት ጠዋት ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት። ጫሞ ሐይቅ ላይ የአዞ ገበያ የሚባለውን ቦታ በጀልባ ያየ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል፤ አፋቸውን ከፍተው፣ ግንድ መስለው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው። የሌፐርድ ክሪኩም ያው ዝርያ ነው። የጎልፍ ሜዳ ዳርቻ ለዚህ የተሠራ ያህል ይመቸዋል። ዳገቱ ለዘብ ያለ ነው፣ ሣሩ አጭር ነው፣ ፀሐይ የሚከልል ቁጥቋጦ ተነስቷል፣ ከሩቅ የሚመጣ ጠላትም ይታያል። ንድፍ አውጪው ለካሜራ ብሎ ያስተካከለው ዳርቻ ለአዞው መኝታ ሆነ።

የጉማሬው ግን ከዚህም ይገርማል። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይበላል። አበላሉ እንደ ላም በምላስ እየጠቀለለ አይደለም፤ ግማሽ ሜትር የሚያህል ሰፊ ከንፈሩን መሬት ላይ አስጠግቶ ሣሩን አሳጥሮ ይነጨዋል። እዚያው ቦታ ላይ እየተመላለሰ ስለሚግጥ ሣሩ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለና ለምለም ሆኖ ይቀራል። የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች ይህን የጉማሬ ሜዳ ብለው ይጠሩታል። አስቡት እንግዲህ። ሰው በማጨጃ ማሽን፣ በማዳበሪያና በመስኖ የሚሠራውን ፌርዌይ ጉማሬው በከንፈሩ ብቻ ከሰው በፊት ይሠራው ነበር። ስለዚህ ማታ ከወንዝ ወጥቶ አዲስ የታጨደ፣ ውሃ የጠጣ ሣር ሲያገኝ አጥፊ ልንለው አንችልም፤ የገዛ ሙያው ተሠርቶ የጠበቀው ነው የሚመስለው። ጣና ዳር ማሳውን ከጉማሬ ለመጠበቅ ሌሊት ሲያድር የኖረ ገበሬ ይህን ሲሰማ ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም። የገበሬው ሣር እህል ነው፤ የክለቡ ግን ጨዋታ ነው። ከአንድ ቶን ተኩል የሚበልጥ እንስሳ በለሰለሰ መሬት ላይ ሲራመድ የሚተወውን ጉድጓድ ጠዋት በአሸዋ የሚሞላው ሠራተኛ ግን ከገበሬው ጋር ሳይግባባ አይቀርም።

ሌሎቹ እንግዶች ቀለል ያሉ ናቸው። ኢምፓላው ፌርዌይ ላይ እንደ በግ ይግጣል፣ ከርከሮው በጉልበቱ ተንበርክኮ ሥር ይቆፍራል። ዝንጀሮ የሚበላ ነገር ካየ ማንንም አይፈራም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰን ሲቲ ላይ እንግሊዛዊው ሉክ ዶናልድ ለመምታት ሲዘጋጅ ዝንጀሮ ከጀርባው በሩጫ ሲያልፍ፣ የቀድሞው የዓለም አንደኛ ደንግጦ ዱላውን እንደያዘ ሲዘል ታይቷል። ከሁሉም ግን የስፔኑ ፓብሎ ላራሳባል ታሪክ ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ማሌዥያ ላይ የተርብ መንጋ ወረደበትና ነፍሱን ለማዳን ያገኘው መላ ሮጦ ከሜዳው ሐይቅ ውስጥ መዝለል ነበር። በደርዘን ተነድፎ፣ ልብስ ለውጦ፣ መርፌ ተወግቶ ጨዋታውን ቀጠለ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሌፐርድ ክሪክ ላይ ዋንጫውን አነሳ፤ ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሳ ባለሙያዎቹ ቁምጣ እንዲለብሱ በተፈቀደበት ሳምንት፣ እግሩ ውሃ ቋጥሮ እያነከሰ። ተርብ ባለመምጣቱ ዕድለኛ ነው፤ እዚህኛው ሐይቅ ውስጥ መዝለል አይታሰብምና።

አውሬ በውሃ መንገድ ሳይጠራ መምጣቱ የአፍሪካ ብቻ ነገር አይደለም። በአውስትራሊያ፣ ከብሪዝበን ደቡብ በሚገኘው የካርብሩክ ጎልፍ ክለብ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ቡል ሻርክ የሚባሉት ሻርኮች አብረው ገቡ። ጎርፉ ሲጎድል መውጫው ተዘጋባቸው። እነዚህ ሻርኮች ጨው በሌለው ውሃም መኖር ይችላሉና በአሥራ አራተኛው ጉድጓድ አጠገብ ባለው ሐይቅ ውስጥ ዓሣ እየበሉ 17 ዓመት ያህል ቆዩ። ክለቡም በስማቸው ወርሃዊ ውድድር ማዘጋጀት ጀመረ። ጎርፍ ያመጣው ዕዳ የክለቡ ጌጥ ሆነ።

እዚህ ላይ የማልዘለው ነገር አለ። በደቡብ አፍሪካ አጥርና የጎልፍ ክለብ የሚባሉ ነገሮች ለብቻቸው የሚያወሩት ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 የናታል ኦፕን ውድድር በደርባን ካንትሪ ክለብ ተካሄደ። ያሸነፈው የህንድ ዝርያ ያለው ፓፕዋ ሴውጎለም ነበር። ኳስ ተሸካሚ ሆኖ ያደገ፣ ዱላውን እጁን አገላብጦ የሚይዝ፣ ቀደም ብሎ በሆላንድ ሁለት ጊዜ ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። የዘር መድልዎ ሕጉ ነጭ ያልሆነ ሰው ወደ ክለቡ ቤት እንዲገባ አይፈቅድምና ነጮቹ ውስጥ ተቀምጠው እሱ ዋንጫውን ደጅ፣ ዝናብ እየወረደ ተቀበለ። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ ውድድር ጋሪ ፕሌየርን ራሱን አሸነፈው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ከነጮች ጋር እንዳይወዳደር ተከለከለ። የክሩገር ፓርክም ከዚህ ነጻ አይደለም። በሰሜኑ ጫፍ የነበሩት የማኩሌኬ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ለአውሬው ሲባል ከመሬታቸው ተነቀሉ፤ መሬቱ በሕግ የተመለሰላቸው በ1998 ነው። ስለዚህ ለጉማሬ ኮቴ ሕግ የሚያወጣ ጨዋታ ለሰው ኮቴ ያወጣውን ሕግ ሳይቆጥሩ ስለ ተፈጥሮና ስለ ስምምነት ብቻ ማውራት አይመቸኝም። ሌፐርድ ክሪክ የተከፈተው ያ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ ነው፤ የዚያን ዘመን ጥፋት በእሱ ላይ አላላክክም። ቢሆንም በሩ ለሁሉም ክፍት አለመሆኑ ሐቅ ነው። ለማነጻጸር፣ እዚያው ክሩገር ፓርክ ውስጥ ስኩኩዛ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው አጥር የለሽ ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ለፓርኩ ሠራተኞች የተሠራ ነው። ተራ ጎብኚ ቢደርስብኝ ኃላፊነቱ የራሴ ነው ብሎ ፈርሞ ይገባል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለቱ ይበልጥ የምወደው ስኩኩዛን ነው።

ወደ ሣሩ ስንመለስ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር እናገኛለን። ሌፐርድ ክሪክ መጀመሪያ ሲሠራ ፌርዌዩ ኪኩዩ የሚባል ሣር ነበር። የኬንያን ኪኩዩ ሕዝብ ስም የያዘ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው። በደጋ አየር የለመደ ሣር በዚያ ቆላ ሐሩር ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ውሃ ይፈልጋል፤ ከተቆጣጠሩት ሥፍራ ሾልኮም ይስፋፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በተጠናቀቀው ትልቅ እድሳት ክለቡ ይህን ሣር ነቅሎ በምትኩ ሳይኖዶን ተከለ፤ ከጨዋታው መስመር ውጭ ያለውንም ለአካባቢው የዱር ሣር ለቀቀ። ሳይኖዶን የሚሉት እኛ ሰርዶ የምንለውን ዘር ነው። ደርቆ ሞተ ሲባል ዝናብ ባረፈበት ማግሥት የሚነሳው፣ ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው ሰርዶ ከዓለም ውድ ሜዳዎች በአንዱ ላይ ሚሊየነር ይረማመድበታል። ዓላማው የመስኖውን ውሃ መቀነስ ነበር፤ ውሳኔውም ትክክል ይመስለኛል።

ምክንያቱም የክሮኮዳይል ወንዝን የእኔ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። በላይ በኩል እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራው የክዌና ግድብ ይቆጣጠረዋል። በመሐል ከተሞችና የፍራፍሬ እርሻዎች አሉ። ማላላኔ አካባቢ ደግሞ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የሸንኮራ አገዳ አለ፤ የስኳር ፋብሪካውም እዚያው ነው። ወንዙ የክሩገርን ደቡባዊ ድንበር እየታከከ ይወርድና ኮማቲ ከሚባለው ጋር ተቀላቅሎ ሞዛምቢክ ይገባል። ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካና የዛሬዋ ኤስዋቲኒ እ.ኤ.አ. በ2002 ውሃውን እንዴት እንደሚካፈሉ ጊዜያዊ ስምምነት ተፈራርመዋል። የዓባይን ጭቅጭቅ እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ አዲስ ወሬ አይሆንበትም።

ከሸንኮራው ጋር ሲነጻጸር አንድ የጎልፍ ሜዳ የሚጠጣው ትንሽ ነው፤ ይህን አለመናገር ማድላት ይሆናል። ሸንኮራ አገዳ መሐል ጉማሬ ከገባ የሚጠብቀው ጥይት ወይም እሳት ሊሆን ይችላል፤ ፌርዌይ ላይ ግን ካሜራ ይጠብቀዋል። ከወንዙ በስተደቡብ ካለው መሬት ሁሉ ለአውሬ የሚሻለው ምናልባት ይኸው የሀብታም መጫወቻ ሊሆን ይችላል። ሳልወድ የማምነው ነገር ነው።

የሚያሳስበኝ ድርቅ ሲመጣ የሚሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 ደቡብ አፍሪካን የመታው ድርቅ ክሩገርን አራቆተው። ጉማሬና ጎሽ ብዙ ሣር ከሚበሉት ውስጥ ናቸውና መጀመሪያ የተጎዱት እነሱ ሆኑ። የፓርኩ አስተዳደር 350 ያህል ጉማሬዎችና ጎሾችን ገድሎ ሥጋውን በአካባቢው ላሉ ችግረኞች ለማከፋፈል ወሰነ፤ በረሃብ ከሚያልቁ ይሻላል ተብሎ። በእንዲህ ያለ ዓመት ከወንዙ በሰሜን ያለው መሬት አፈር ብቻ ሆኖ በደቡብ ያለው በመስኖ ለምልሞ ይታያል። ጉማሬው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሆዱ ወደ አዘዘው ይሻገራል። ያን ጊዜ ክለቡ ማጠሩ ይቅርና መመገቡም ጥያቄ ይሆናል። የመጣውን ቢያበላ በማግሥቱ ሌላው ይከተላል፤ ቢያጥር ደግሞ ጎረቤቴ የሚለውን በራብ ጊዜ መዝጋት ይሆንበታል። ቀላል መልስ ያለው አይመስለኝም፤ አለኝ የሚልም ሰው ቢመጣ አላምነውም።

በእኛም አገር በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ሪዞርት መሥራት የባለሀብት ፍላጎት ከሆነ ቆይቷል። ነገ አንዱ ተነስቶ ጫሞ ዳር ደሴት ግሪን ያለው የጎልፍ ሜዳ እሠራለሁ ቢል ጋዜጠኛው ስለ አዞው ይጠይቀዋል፤ አዞ ጥሩ ርዕስ ነው። የሜዳው ባለሙያ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ በበጋ በቀን ስንት ውሃ ትቀዳለህ? ከየት? ማዳበሪያው ታጥቦ ወዴት ይወርዳል? ዓሣ አስጋሪው በየት በኩል ወደ ጀልባው ይደርሳል? አዞውስ ግድ የለም፤ እሱ ዳርቻው ከተስተካከለለት ራሱ ይመጣል።

ለሌፐርድ ክሪክም ሆነ ለየትኛውም በወንዝ ዳር ላለ ክለብ የምመኘው አንድ ነገር ነው። በውድድሩ ሳምንት ግሪኑ አጠገብ ትልቅ የውጤት ሰሌዳ ይቆማል፤ ማን ስንት ምት እንደመታ፣ ማን ውሃ ውስጥ እንደጣለ በየደቂቃው ይጻፍበታል። በዚያው ወር ከወንዙ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደተቀዳ ከስሞቹ በታች ቢጻፍ፣ እኔ በበኩሌ ከኤልስ ውጤት በፊት የማነበው እሱን ነበር።